ሳይሞቱ የሚቀብር አማች

በየቤቱ አንድ አዋቂ አለ። የሌለበት ቤት ካለ ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ነው፤ እሱም ቢሆን ጎረቤት ስላለው አያመልጥም። ይህ አዋቂ መድኃኒት አይቀምምም፣ ኮከብ አይቆጥርም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ እናንተ የቀኑን ድካም ልትረሱ ድራማ ፊት አረፍ እንዳላችሁ፣ ሻያችሁ ገና ሳይበርድ መጨረሻውን ይነግራችኋል። ሳትጠይቁት፣ በነጻ። ያለው ነገር ሲደርስም ድራማውን ራሱ የጻፈው ይመስል ጉልበቱን በመዳፉ መታ አድርጎ «አላልኩም?» ይላል።

እኛ ተራ ሰዎች ሰው ሲሞት እናለቅሳለን። አዋቂው ግን ሟቹ ገና ቁርሱን እየበላ፣ ከሚስቱ ጋር እየተሳሳቀ እያለ ገንዞ፣ ቀብሮ፣ አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ ይጨርሳል።

የእነዚህ ሁሉ ቁንጮ፣ ሊቀ ሊቃውንት ዘድራማ፣ አንድ ሶፋ ሠሪ ነው። ሠፈሩ የሚያውቀው ከእጁ ይልቅ በአፉ ስለሆነ «አዋቂው» ይለዋል፤ እኛም እንዲሁ እንበለው። ሥራ ቤቱና መኖሪያ ቤቱ በአንድ ግድግዳ ተያይዘዋል። ቀን እዚያ ውስጥ የሰው አሮጌ ሶፋ ገልብጦ ሆድ ዕቃውን ሲዘረግፍ፣ የበሰበሰ ስፖንጅና የተጣመመ ሞላ ሲያወጣ፣ አዲስ ጨርቅ ሲወጥር ይውላል። ሲመሽ ልብሱን አራግፎ ይገባና የድራማውን ሆድ ዕቃ ይዘረግፋል። ልዩነቱ ሶፋውን መልሶ መስፋቱ ነው።

«ይቺን እናውቃታለን» ይላል። ይህች ቃል ማኅተሙ ናት። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰውዬ መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ «እህ እህ» ካለ በቃ። «ይቺን እናውቃታለን። የቀብር ሳል ናት። በመጀመሪያው ክፍል ያሳለው ሰው አራተኛውን አያይም።» ሰውዬው ብርድ መትቶት ቢሆንስ? ውኃ ትን ብሎትስ እንደሆነ? አይሆንም። በአዋቂው ዓለም ጉንፋን የሚባል በሽታ የለም፤ ሳል ካለ ሬሳ አለ።

ለሁሉም ስም አውጥቷል። ለገዛ ልጁ ስም የሚያወጣ ወላጅ እንኳ እንዲህ አይጠበብም። ገርበብ ካለ በር ኋላ ቆሞ የንግግሩን ግማሽ ብቻ ሰምቶ እያለቀሰ የሚሮጠው ሰው «ግማሽ ጆሮ» ነው። ትንሽ ቢታገስ «…ግን ያለሷ መኖር አልችልም» የሚለውን ይሰማ ነበር፤ ቢሰማ ግን ድራማው እዚያው ያልቅና ሁላችንም በጊዜ እንተኛለን። ደረቱን ተመትቶ ወድቆ «የገደለኝ… የገደለኝ…» ሲል ቆይቶ ስሙ ላይ ሲደርስ ጭልጥ የሚለው «ስም ዋጭ» ይባላል። ጦር ሜዳ ላይ የእጮኛውን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ለጓደኛው የሚያሳየው «ፎቶ መዥራጭ» ነው፤ ነፍሱ የምትወጣውም ፎቶውን ወደ ኪሱ ሳይመልስ ነው። የሀብታሙ ቤት ሠራተኛ ትከሻዋ ላይ ምልክት ካላት «ማርያም የሳመቻት» ናትና የጠፋችው ልጅ እሷ ናት፤ ቪላውም የእሷ ነው። ሠርጉ መሀል ላይ በሩን በርግዶ «ይህ ጋብቻ አይፈጸምም!» የሚለው ደግሞ «በር በርጋጅ» ነው። የተጣሉ ፍቅረኞችን የሚያስታርቃቸው «ሽማግሌው ዝናብ» ነው። «ጤነኛ ሰው ዝናብ ሲመጣ ይጠለላል» ይላል አዋቂው፣ «እነዚህ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ይወጣሉ። ጉንፋን አይፈሩም?» ለሌላው የከለከለውን ጉንፋን ለፍቅረኞች ይፈቅዳል።

ከሁሉም የሚፈራው ግን «የሐኪም መነጽር» ያለውን ነው። ይህን ሲናገር ድምፁ ራሱ ዝቅ ይላል። «ሐኪሙ ከውስጥ ወጥቶ፣ ቤተሰቡን አይቶ፣ መነጽሩን ቀስ ብሎ ካወለቀ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ካላወለቀ ይድናል፣ ካወለቀ ይቀበራል። ምርመራው ምን አደከማቸው?»

ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት። ማታ ማታ የተማሪዎቿን ፈተና በቀይ እስክሪብቶ እያረመች ለድራማው ጆሮዋን ብቻ ታውሰዋለች። ስለዚህ መጨረሻውን ቢነግራት «ተመስገን፣ እንግዲያው ልተኛ» ትላለች እንጂ ቅር አይላትም። ችግሩ ሶፋው ላይ ነው። ሶፋው ላይ አማቱ ተቀምጠዋል።

እኚህ ሴት ጡረታ እስኪወጡ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ገመድ ከአንዱ ሶኬት እየነቀሉ፣ ሌላው ላይ እየሰኩ ሰውን ከሰው ያገናኙ ነበር። መስመሩ መያዙን ለማረጋገጥ ጥቂት ማዳመጥ ግድ ነው፤ ጥቂት ማለት ስንት እንደሆነ ግን የሚወስነው ጆሮው ነው። እማማ በዚህ ዓይነት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ታሪክ መግቢያ መግቢያውን ሰሙ። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ብቻ እንዳትደነግጪ…» ሲባል ሌላ መብራት ቦግ ይላል፤ ይህን ነቅሎ ያንን መሰካት ነው። ደነገጠች? አልደነገጠችም? ማን ይንገራቸው። ሲሰናበቱ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው፤ እሳቸው የፈለጉት ግን መጨረሻዎቹን ነበር።

ስለዚህ ድራማ ለእማማ ጨዋታ አይደለም። አንድ ታሪክ መስመሩ ሳይቆረጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ድንጋጤውም በሰዓቱ ሲመጣ መስማት ይፈልጋሉ። ይህንንም የሚፈልጉት ከዚህ አማች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ነው። አይ ዕድል!

«አንተ ልጅ፣ ኧረ አፍህን ዝጋ!»

«እማማ፣ እኔ ምን አልኩ? ሰውዬው ይሞታል ነው ያልኩት።»

«ገና ምሳውን እየበላ ነው እኮ!»

«ይብላ እንጂ። ጠግቦ ይሙት።»

መጀመሪያ የተፈረደበት ስደት ነው። በገዛ እጁ ከሠራው፣ ጨርቁን ራሱ ከመረጠው ሶፋ ላይ ተነሥቶ በሩ ጥግ ያለች በርጩማ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ከበርጩማውም ቢሆን ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሚስቱ ገላጋይ ሆና በድራማ ሰዓት ቃል ላይወጣው አስማለችው። ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን ማንም አይክደውም። ብቻ ሰው ሊሞት ሲል ከበርጩማው ይነሣል፤ በእግሩ ጣት እየረገጠ ቁም ሳጥኑ ጋ ይሄዳል፤ ንጹሕ መሐረብ ያወጣል፤ መጥቶም በአክብሮት አማቱ ጭን ላይ ያኖራል። ስክሪኑ ላይ ሰዎች ይጨፍራሉ። እማማ መሐረቡን ያዩና «ውይ! ደግሞ ማን ሊሞት ነው?» ብለው ይጮኻሉ። አዋቂው ወደ በርጩማው ተመልሶ ከንፈሩን እንደ ኪስ ዚፕ ዘግቶ ያሳያል።

አዋቂነቱ ከስክሪኑ ባይወጣ መልካም ነበር። የሚስቱ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በመሰናበቻው ላይ ተነሥተው «እንግዲህ የቀረችኝ አንዲት ሳምንት ናት፤ ከዚያ አትክልቴን እየኮተኮትኩ ማረፍ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አዋቂው ብቻ ፊቱ አመድ መሰለ። እንዲህ ያለ ሰው በድራማ ውስጥ ሳምንቷን ጨርሷት አያውቅም። «ጋሼ፣ እባክዎ ያቺን ሳምንት ቤትዎ ይቀመጡ» ብሎ ለመናቸው። ሳቁበት። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ሥራ ቤቱን ዘግቶ፣ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ኋላ ኋላቸው እየሄደ፣ መንገድ ሲሻገሩ መኪና እያስቆመላቸው ከረመ። «ባልሽ ምን አድርጌው ነው የሚከታተለኝ?» ብለው ሚስቱን ጠየቋት። ሳምንቷ በሰላም አለቀች። አትክልቱም እስከ ዛሬ ይኮተኮታል።

የጉትቻዋስ ነገር! ለጥገና ከመጣ ሶፋ ሆድ ውስጥ፣ ከስፖንጁ ሥር፣ አንድ የወርቅ ጉትቻ አገኘ። አንድ ብቻ። «ይቺን እናውቃታለን» አለ፤ «ብቸኛ ጉትቻ የሌላ ሴት ናት።» የሶፋው ባለቤት፣ ዝምተኛ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ እየመጣ «ከውስጡ ምንም አላገኘህም?» ባለው ቁጥር አዋቂው ዓይኑን አፍጥጦ «ሚስትህን ውደድ» ይለዋል።

«እወዳታለሁ እኮ» ይላል ሰውዬው ግራ ገብቶት።

«እንግዲያው ያለፈው አለፈ። እኔ አፌ ቁልፍ ነው።»

ትዳር አዳንኩ ብሎ ጉትቻዋን መሳቢያ ውስጥ ቀበራት። በመጨረሻ ሚስትየዋ ራሷ አንደኛውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ሌላውን ፍለጋ መጣች። የራሷ ነበር፤ ባሏ ሲያገባት የሰጣት። ያ ምስኪን አልጋ ምንጣፍ እያገላበጠ ሲፈልግላት ነው የሰነበተው። አዋቂው አፈረ? ምን በወጣው! «የራሷ ጉትቻ!» አለ ማታ ለአማቱ እየተገረመ። «እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጽፋል?»

በዚህ መሀል ቤቱን ሁሉ የያዘ አንድ ድራማ መጣ። የሆቴል ታሪክ ነው። አንድ ሽማግሌ ባለ ሆቴል፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹ፣ ሁለቱም የሚወዷት አንዲት እንግዳ ተቀባይ። ጥቂት ክፍል ሲቀረው ልጅቷ ታናሽየውን ልታገባ ተስማማች፣ ታላቅየው ደግሞ ደብዛው ጠፋ። እማማ እህል አልወርድ አላቸው። «የዚህን መጨረሻ የነገርከኝ ዕለት» አሉት ጣታቸውን ቀስረው፣ «ልጄን አፋታሃለሁ።» ሚስቱ ከፈተናው ቀና ሳትል «እኔን ጠይቁኝ እንጂ» አለች።

ታዲያ አንድ ምሽት፣ አዋቂው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ አሳለው።

ትንሽ ሳል አልነበረችም። ከሆዱ ተነሥታ፣ ትከሻውን ነቅንቃ፣ ዓይኑን አስለቅሳ ነው የወጣችው። የሚስቱ ቀይ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። እማማ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ነቅለው ዞሩ። ሕጉን ሦስቱም በቃላቸው ያውቁታል።

«ሻዩ ትን ብሎኝ ነው» አለ አዋቂው። ሻይ አልጠጣም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሉን እንደ ሌባ ደበቀው። ማታ ሲመጣበት ወጥቶ ከውኃ ታንከሩ ኋላ ያስላል። ቀን ሥራ ቤት ሲመጣበት መዶሻውን አንሥቶ እየመታ ያስላል። በዚያ ሰሞን ከእጁ የወጡት ሶፋዎች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሚስማር ተመትቶባቸዋል። ግን የኦፕሬተርን ጆሮ ማን ያታልላል? መብረቅና ጫጫታ በሞላው መስመር ውስጥ ሹክሹክታ ለይተው ይሰሙ የነበሩ ሴት ናቸው። ግድግዳው ማዶ ተቀምጠው መዶሻውን ከሳሉ፣ ሳሉን ከመዶሻው ለዩት። እየባሰበት ነበር።

«ሐኪም ቤት ሂድ» አለችው ሚስቱ።

«ሄጄ ምን ላገኝ? ሐኪሙ መነጽሩን ያወልቃል፣ አንቺ ግድግዳ ተደግፈሽ ትንሸራተቻለሽ፣ አለቀ። ይቺን እናውቃታለን።» እየቀለደ ነበር፤ ሐኪም ቤት ግን አልሄደም።

የባሰው ነገር ዝም ማለቱ ነው። ሽማግሌው ባለ ሆቴል አንድ ማታ ደረጃ ላይ ቆሞ መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ «እህ እህ» አለ። ቤቱ በሙሉ ወደ በርጩማዋ ዞረ። አዋቂው ጫማውን ያያል። ስም አላወጣም፣ መሐረብም አላመጣም። በሌላ ማታ ደግሞ አንድ ዘበኛ ሳይጠበቅ ሞተ፤ እማማ እጅጌያቸው ላይ አለቀሱ። የተመኙትን ዝምታ አገኙ። አገኙትና ጠሉት። ይህ ለፍላፊ ሰው ቢሞትብኝስ ብለው ፈሩ፤ ፍርሃቱም ከማንኛውም ድራማ ፍርሃት የተለየ ነበር፤ እንደ ቴሌቪዥኑ የሚያጠፉበት ቁልፍ አልነበረውም።

የመጨረሻው ክፍል ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው የሚታየው። ቅዳሜ ከሰዓት እማማ ነጠላ ጫማቸውን ትተው የመንገድ ጫማቸውን አደረጉና ሥራ ቤት ገቡ። «ጉልበቴ ገደለኝ» አሉ። «ሐኪም ቤት አድርሰኝ።»

ወረፋው ረጅም ነበር። በነጭና በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ኮሪደር፣ የተቀደደ የላስቲክ ወንበር። አዋቂው በልማዱ የወንበሩን ስፌት በጣቱ እየዳበሰ ቆይቶ አማቱ እጅ ላይ ያለውን ካርድ አየት አደረገ።

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ። «ይቺን እናውቃታለን። ካርዱ የእኔ ነው።»

«አውቀህ ነው የመጣኸው?»

«ደረጃውን እኮ ሁለት ሁለት እየረገጡ ነው የወጡት።»

«ታዲያ ለምን አልተመለስክም?»

«ብቻዬን መምጣት አልቻልኩማ። እርስዎ እያታለሉኝ ሲሆን ይቀላል።» ከዚያ ቀና ብሎ የኮሪደሩን ሰዓት አየና ደነገጠ። «እማማ! ዛሬ እኮ መጨረሻው ነው!»

«አውቃለሁ።»

«አሁን እኮ ጀምሯል!»

«ይጀምር። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

አንገቱን ደፋ። ለእኚህ ሴት ያ መጨረሻ ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ራጅ ተነሥቶ ተመልሶ ውጤት ሲጠብቁ አፉን የፈታው ይህ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

«እኔ እኮ ለማበሳጨት ብዬ አይደለም የምናገረው» አለ። «ሲጨንቀኝ ነው። ያቺ ሙዚቃ ስትጀምር፣ ሰው በር ሊከፍት ሲል፣ ልቤ ቀጥ ትላለች። ስም ሳወጣላት ትንሽ ትሆንልኛለች። ስሙን የሚያውቁት ውሻ አያስፈራም አይደል? እንደሱ ነው። ይቺን ግን…» ደረቱን ነካ አደረገ። «ይቺን ስሟን ልጠራት አልቻልኩም።»

እማማም የራሳቸውን ታሪክ አመጡ። «አንድ ሰውዬ ነበር» አሉ። «ሐሙስ ሐሙስ ይደውላል። ለአንዲት ሴት። ‹እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ› ይላታል። አንድ ቀን ‹ዛሬ ተነሥቻለሁ› ሲላት መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ደውሎ አያውቅም። ይድረስ አይድረስ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ ከእንቅልፌ ስነቃ እሱን አስባለሁ።»

አዋቂው የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «መስመሩን የቆረጠው ምንድን ነው?»

«ዝናብ ነዋ። ያን ቀን ሰማይ ምድሩ አንድ ሆኖ ነበር።»

«እንግዲያው ደርሷል።»

«በምን አወቅህ?»

«ዝናብ ነበር እያሉ! ሽማግሌው ዝናብ ባለበት ሰው አይቀርም። ያልደወለውም ስለደረሰ ነው። አጠገቧ ሆኖ ለማን ይደውላል?»

እማማ ያን ያህል ዘመን ሲብሰለሰሉ ይህች አልታየቻቸውም። ያልደወለው ስለደረሰ ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ መሐረብ ሊጠይቁት ሲሉ በሩ ተከፈተ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በእጇ የራጁን ፊልም ይዛለች፤ አፏ ላይ ጭምብል፣ ዓይኗ ላይ መነጽር አለ። ሁለቱን አየቻቸው። ነጻ እጇ ቀስ ብሎ ወደ መነጽሯ ወጣ።

አዋቂው የአማቱን እጅ አፈፍ አድርጎ ያዘ። «እማማ፣ ልታወልቀው ነው።»

እማማ ወገባቸውን ቀጥ አደረጉ። በዚያ በጥንቱ የኦፕሬተር ድምፃቸው፣ አንድም ነገር በማይነቀንቀው ድምፅ፣ «ይቺን እናውቃታለን» አሉት። «መነጽሯን ታወልቃለች። በጋወኗ ጫፍ ትጠርገዋለች። መልሳ ታደርገዋለች። ከዚያ ‹ይድናሉ› ትልሃለች።» ከየት እንዳመጡት እሳቸውም አያውቁም። በሰው መስመር ላይ ከራሳቸው ቃል ሲጨምሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። በጋወኗ ጫፍ ጠረገችው። መልሳ አደረገችው።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለች።

«ሶፋ ሠሪ ነኝ።»

«አሮጌ ሶፋ ሲያራግፉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍናሉ?»

«ኧረ አልሸፍንም።»

«እሱ ነው እንግዲህ። የስፖንጅና የጥጥ አቧራ ሳንባዎን አስቆጥቶታል። ይድናሉ። መድኃኒቱን በደንብ ይውሰዱ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ያለ ጭምብል ሶፋ እንዳይነኩ። ከወር በኋላ ተመልሰው ይምጡ።»

«ተከታታይ ነው ማለት ነው?» አለ አዋቂው። ነፍሱ ስትመለስ አፉም አብሮ ተመለሰ። «ዶክተር፣ ብቻ መነጽርዎን ለምን አወለቁት?»

«ጭምብሉ ትንፋሼን ወደ ላይ እየላከ ያደበዝዘዋል። ምነው?»

«አላልኩም?» አሉ እማማ፣ ያንን ታመመ የተባለውን ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ አድርገው።

ሲመለሱ ድራማው አልቋል። አውቶቡሱ ውስጥ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት ወደ ጓደኛዋ ዞራ «እኔ እኮ ሽማግሌው…» ስትል አዋቂውን ሳል ያዘው። ምን ዓይነት ሳል! ሴትዮዋ ዝም ስትል ሳሉም ዝም አለ። «ወንድምየውማ ጭራሽ…» ስትል እንደገና ያዘው። ሰው ፊቱን አዞረ፣ መስኮት ተከፈተ፣ አንዱ ወንበሩን ለቆ ሸሸ። «መድኃኒቱን ዋጠው እንጂ ልጄ!» እያሉ እማማ ጀርባውን ደበደቡት። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ሳሉ አብሮ አልወረደም። ለካ እማማ መጨረሻውን እንዳይሰሙ ብሎ ነው፤ እዚያ ላይ ገባቸው። ቤት ሲደርሱ ሚስቱ በሩን ከፍታ ምን ተባላችሁ ብላ ጠይቃ፣ ባሏን አንቃ አቅፋ፣ አልቅሳ ስታበቃ «እማዬ፣ ደግሞ ያ ድራማ ብታይ…» ብላ ጀመረች። «ቃል እንዳይወጣሽ!» አለ አዋቂው።

እሑድ ከሰዓት ድራማው ተደገመ። እማማ ሶፋቸው ላይ፣ ሻያቸው እጃቸው ላይ፤ አዋቂው በርጩማው ላይ። ሠርጉ ደረሰ። ሽማግሌው ባለ ሆቴል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ይስቃል፣ ሙሽራዋ ታበራለች። ያቺ ሙዚቃ ጀመረች። የአዳራሹ በር እጀታ ቀስ ብሎ ዞረ። ማስታወቂያ ገባ።

የልብስ ሳሙና ነው። አንዲት ሴት የነጣ ሸሚዝ እያገላበጠች ትደነቃለች። የእማማ ስኒ ማስቀመጫው ላይ ይንቀጫቀጫል። በርጩማዋን አዩ። አዋቂው ከንፈሩን ነክሶ ይዟል፤ ጉልበቱ ብቻ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይዘላል።

«ልጄ» አሉ። «ንገረኝ።»

«እማማ፣ አስምላችሁኝ እኮ ነው።»

«ፈታሁህ። ንገረኝ፤ ፈራሁ።»

አዋቂው አያቸው። የትናንቱ እጅ፣ እሱ ተጣብቆ የያዘው እጅ፣ አሁን ስኒ መያዝ አቅቶታል። «ይቺን እናውቃታለን» አለ ረጋ ብሎ። «በር በርጋጅ ናት። ታላቅ ወንድሙ ነው። ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቅር ይባባላሉ። ማንም አይሞትም።»

እማማ በረጅሙ ተነፈሱ። ሻያቸውን ፉት አሉ። ማስታወቂያው አለቀ።

በሩ ተበረገደ። ታላቅ ወንድም ገባ፣ አለቀሰ፣ ይቅርም ተባባሉ። ከዚያ ሁለት ሰው ሞተ።

እማማ ቤቱ እስኪናወጥ ጮኹ። ሻዩ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌውም፣ ታላቅ ወንድምየውም፣ አንዱ በአንዱ ክንድ ላይ! ያን ያህል ዘመን ሲጠብቁት የኖሩት ድንጋጤ በሰዓቱ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ ደረሰላቸውና እስኪበቃቸው አለቀሱ። ፊታቸውን የሚጠርጉበት ሲፈልጉ አዋቂው ቀድሞ ከፊታቸው ቆሟል። ከኪሱ መሐረብ አወጣ። የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ በሥርዓት የታጠፈ። ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ አንድ።

እማማ መሐረቦቹን አዩ። እሱን አዩ። «አውቀህ ነበር!»

አዋቂው ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። «እኔ ምን አውቄ፣ እማማ?»

እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ሚስቱ ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እማማ በአንደኛው መሐረብ ፊታቸውን ጠርገው ሁለተኛውን መለሱለት፤ እሱም እያለቀሰ ነበር። ከዚያ ሶፋው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።